«ደብተሬን ከእጮኛዬ ደብቄ ጃፓንኛ እማራለሁ»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወረታ ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ እንዳይወጣ ለምናናለች፤ ባትለምነንም አናወጣውም ነበር። ተወልዳ ያደገችው አንበሳሜ ሲሆን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ወረታ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ትሠራለች። ደብዳቤው ስድስት ገጽ ስለሆነ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሌላው ሰው ፍቅረኛዬ ከዳኝ ብሎ ይጽፍልዎታል፤ እኔ ደግሞ ጃፓንኛ ከዳኝ ብዬ ስጽፍ እንዳይስቁብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራው ገበሬው ያመጣውን ሩዝ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ኪሎውን መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ወረታ የሩዝ ምርምር ስላለ የጃፓን ሰዎች ይመጣሉ። አንድ ቀን ሁለት ጃፓኖች ከአስተርጓሚ ጋር እኛ ቤት ገብተው ማሽኑን አዩ። አንደኛዋ ሴት ናት። ከጆንያው እፍኝ ሩዝ ዘግና እያገላበጠች ለጓደኛዋ የሆነ ነገር አለችው። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ አነጋገሯ ግን ደስ አለኝ። እዚያው ማታ በወንድሜ ስልክ ፊደላቸውን አወረድኩ።

ሂራጋና የሚሉትን ፊደል በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። ደስታዬን አይጠይቁኝ! ካታካና የሚባለው ትንሽ አስቸገረኝ። ከዚያ ካንጂ የሚሉት መጣና ወገቤን ሰበረው። በቀን ሃያ ሃያ እይዛለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ በሳምንቱ ባዶ እጄን ቀረሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ያው የሚያውቁት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። አሁን ደብተሩን ከገለጥኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ዋናው ግን እጮኛዬ ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው። ደብተሬን ሲያይ 'ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?' አለኝ። አይደለም ብለው አላምን አለ። በኋላ ሰለቸኝና 'ተውኩት' ብዬ ዋሸሁት። ደብተሩን ከአክስቴ የዱቄት በርሜል ጀርባ ከተትኩት። የማነበው እሱ ደብረ ታቦር ያደረ ቀን ነው። እናቴ ደግሞ ከአንበሳሜ መጥታ አየችውና 'ይሄ ዶሮ የጫረው የሚመስል ነገር ምን ያበላሻል?' አለችኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ምን እንደሚያበላኝ እኔም አላውቅም። መሄድ እንደምፈልግም አላውቅም። ልተወው ወይስ ልግፋበት? ግፊበት ካሉኝስ ወኔውን ከየት ላምጣው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ስለ ካንጂ የጻፍሽልኝ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ግን የዱቄት በርሜሉ ነገር ከካንጂው በልጦ ታየኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ቀላሉን፣ ማለትም ቋንቋውን ልጨርስ።

በቀን ሃያ ካንጂ ይያዛል ብሎ የመከረሽ ማነው? ስሌቱን አብረን እንሥራው። ጃፓኖች ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ብለው በመንግሥት ደረጃ የወሰኑት ዝርዝር 2,136 ካንጂ አለው። የጃፓን ልጅ አንደኛ ክፍል ሲጨርስ እንዲያውቅ የሚጠበቅበት 80 ነው። ስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲፈጽም 1,026 ይደርሳል። ያ ልጅ አፉን የፈታው በጃፓንኛ ነው፤ ቋንቋውን እናቱ ጓዳ ሲሰማው ይውላል፤ አስተማሪም አለው። አንቺ በቀን ሃያ ስትዪ የእሱን የአንድ ዓመት ትምህርት በአራት ቀን ልትጨርሺ ተነስተሻል። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ስትመዝኚ ውለሽ፣ ማታ በኩራዝ! ይሄ ስንፍና አይደለም፤ የሰው ልጅ የማይችለውን ሸክም ራስሽ ላይ ጭነሽ ወደቅሽ። ወድቀሽም ራስሽን ሰነፍ አልሽ።

በሳምንት አምስት ይበቃሻል። እነሱንም መጽሐፉ በደረደረልሽ ተራ አትያዢ፤ አጠገብሽ ካለው ነገር ጀምሪ። «ታ» የሚባለውን ካንጂ አይተሽዋል? የሩዝ እርሻ ማለት ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ ላይ መስቀል አለው፤ ያ መስቀል በእርሻው መሐል የሚያልፍ ድንበር ነው። በክረምት ከወረታ ወጣ ብለሽ ሜዳውን ብታዪ ውኃ የቋጠረው የፎገራ ማሳ በድንበር ተከፋፍሎ ልክ እንደዚያ ሆኖ ይታይሻል። «ኮሜ» ደግሞ የተፈለፈለው ሩዝ ነው፤ መስቀል ተሠርቶ በአራቱ ማዕዘን አንዳንድ ጭረት ይጨመርበታል። እነዚህን ሁለቱን ዛሬ ማታ ብትጽፊያቸው ነገ አይጠፉሽም፤ ምክንያቱም ነገ ጧት ሥራ ስትገቢ ሁለቱም ፊትሽ ናቸው።

አንቺ ያለሽበት ቦታ ለጃፓንኛ እንዴት የተመቸ እንደሆነ የገባሽ አይመስለኝም። እኛ በደፈናው ሩዝ የምንለውን ጃፓኖች እንደየደረጃው ይጠሩታል። ማሳው ላይ የቆመው «ኢኔ» ነው። ገበሬው በጆንያ የሚያመጣልሽ፣ ገለባው ያልወለቀለት፣ «ሞሚ» ነው። ገለባው ወልቆ ቡናማ ሲሆን «ጌንማይ»፣ ተፈትጎ ሲነጣ «ሃኩማይ»። ሲፈተግ የሚወጣው ዱቄት መሳይ «ኑካ» ይባላል። ድስት ገብቶ የበሰለው «ጎሃን» ነው፤ ይህች ቃል በደፈናው ምግብ ማለትም ትሆናለች፣ እኛ እንጀራ ስንል መተዳደሪያን ጭምር እንደምንል። ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ከመጽሐፍ ይሸመድደዋል። አንቺ ግን ሞሚው በአንድ በኩል ገብቶ ሃኩማዩ በሌላ በኩል ሲወጣ ቆመሽ ታዪዋለሽ።

ቁጥሩስ? በቀን ስንት ጊዜ ነው ኪሎ የምትጽፊው? ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን፣ ዮን፣ ጎ፣ ሮኩ፣ ናና፣ ሃቺ፣ ክዩ፣ ጁ፤ አሥር ድረስ ይሄው ነው። ከዚያ በኋላ ከኛ ይቀላል። እኛ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ እያልን ለየአንዳንዱ ስም አውጥተናል፤ እነሱ ሃያን «ኒ ጁ»፣ ሁለት አሥር፣ ይሉታል። ሠላሳ ሰባት «ሳን ጁ ናና» ነው። መቶ «ህያኩ»። መዝገቡ ላይ በአማርኛ ጻፊ፤ በሆድሽ በጃፓንኛ ቁጠሪ። አሠሪሽ አያውቅም፣ ኪሎም አይጎድልበትም።

ሌላው ጥፋትሽ ዙሪያ ጥምጥም መሄድሽ ነው። ጃፓንኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ትማሪያለሽ። ከአንበሳሜ ወረታ ለመግባት በአዲስ አበባ መዞር ማለት ነው። እስቲ እንግሊዝኛውን አውጥተሽ በአማርኛ ተመልከቺው። «ዋታሺ ዋ ጎሃን ኦ ታቤማስ» ማለት «እኔ ምግብ እበላለሁ» ነው። ግሡ የት አረፈ? መጨረሻ ላይ፤ እንደኛው። «ኦ» የምትለዋ «ምግቡን» ስንል የምንጨምራትን «ን» ቦታ ይዛለች። ጥያቄ ማድረግ ስትፈልጊ መጨረሻው ላይ «ካ» ትጨምሪያለሽ፤ «ታቤማስ ካ?»። እኛስ «ትበላለህ ወይ?» አይደል የምንለው? እንግሊዝ ይህን ለመልመድ ጭንቅላቱን ይገለብጣል። አንቺ ቃሉን ብቻ ነው የምትቀይሪው።

ፊደሉም ቢሆን በሦስት ሳምንት የገባሽ አለነገር አይደለም። ሂራጋና መሠረታዊ ፊደሎቹ 46 ናቸው፤ አንቺ ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን የኛን ፊደል ገና በልጅነትሽ ጨርሰሽዋል። «ካ» ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረት ሲያክሉ «ጋ» ይሆናል፤ «ታ» ላይ ሲያክሉ «ዳ» ይሆናል። እኛ «ሰ» ላይ ሰረዝ ጨምረን «ሸ»፣ «ነ» ላይ ጨምረን «ኘ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ መጥበቅና መላላቱ ነው። «አለ» አላልተን ስናነበው ተናገረ ነው፤ አጥብቀን ስናነበው ደግሞ መኖሩን ይናገራል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። በጃፓንኛ «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ»፣ ሲጠብቅ «ቴምብር» ነው። እነሱ ግን የሚጠብቀውን ለማሳየት ትንሽዬ «ትሱ» ፊደል ይሰነቅሩበታል። እኛ ሳንጽፈው የኖርነውን እነሱ ጽፈውታል። ጆሮሽ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ያውቀዋል።

እንግዲህ ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍሽን ትተሽ በአማርኛ ጻፊው። ግን ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ይሁን። የኛ ፊደል የተጎተተ ድምፅ አያሳይም። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ መሐሉ ላይ «ባ»ን ጎተት ካደረግሽው አያት ትሆናለች። አንዲት የአርባ ዓመት ሴትዮ አያቴ ብለሽ ብትጠሪያት ምን እንደምትልሽ አስቢው። ስለዚህ ሂራጋናውን ካገኘሽ በኋላ የአማርኛውንም ጣይው።

መብራትና ኔትወርኩን እኔ አላመጣልሽም። ኔትወርክ ያለ ቀን ግን ተጠቀሚበት። ጃፓን ፋውንዴሽን የሚባለው ተቋም ያዘጋጀው «ኢሮዶሪ» የሚባል መጽሐፍ ከነድምፁ በነፃ ይወርዳል፤ ሱቅ ስለመሄድ፣ ሥራ ቦታ ስለመነጋገር፣ እንዲህ ያለውን የኑሮ ነገር ያስተምራል። አንዴ ስልኩ ላይ ካስቀመጥሽው ኔትወርክ ቢሄድም አይሄድብሽም።

የሦስት ሳምንቱ መቋረጥ ብዙ አያስጨንቅሽ። ብቻ ስትመለሺ ከገጽ አንድ እንዳትጀምሪ። ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። በወጣትነቴ ፈረንሳይኛ ጀመርኩ፤ ባቋረጥኩ ቁጥር «ከሥሩ ልያዘው» እያልኩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እነሳለሁ። አምስት ጊዜ ተነስቻለሁ። እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። አንቺ ካቆምሽበት ቀጥዪ። የረሳሽውን መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ።

ወኔ ከየት ይምጣ ላልሽው፣ ካይዘን ሲባል ሳትሰሚ አትቀሪም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ «ማ»ዎች ያልተለጠፉበት የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ጥቂት ነው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በጃፓንኛው ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ ናቸው። የመጨረሻዋን፣ እኛ ማዝለቅ ያልናትን፣ ጃፓኖች ልጅን ሥርዓት አስይዞ ለማሳደግም ይናገሩባታል። ልጅ ጧት ፊቱን የሚታጠበው ወኔ መጥቶለት አይደለም፤ ስላስለመዱት ነው። አንቺም ወኔሽን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ጧት ቡና እስኪፈላ አሥር ደቂቃ ትበቃለች፤ ግን በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት። ደህና የሆንሽ ቀን ሃያ ደቂቃ ይሆናል፣ ያመመሽ ቀን ሁለት ፊደል።

አሁን ወደ በርሜሉ።

እህቴ፣ የዚያን ያህል የጓጓሽለትን ነገር ያቀዘቀዘው ካንጂ ብቻ አይደለም። ቋንቋ ጮክ ተብሎ የሚለመድ ነገር ነው፤ አንቺ ግን አፍሽን ዘግተሽ፣ ጆሮሽን በር ላይ ጥለሽ፣ እንደ ሌባ ነው የምታጠኚው። ደብተሩን በከፈትሽ ቁጥር «ተውኩት» ያልሽው ውሸት አብሮ ይከፈታል። በዚህ መሐል ያልሰለቸሽ ምን ይሰልችሽ? ልጁን ከዋሸሽው ወዲህ ስንት ገጽ እንደሄድሽ ቁጠሪና ፍረጂ።

ለልጁ እውነቱን ንገሪው። «አልተውኩትም፤ ዋሽቼሃለሁ» በይው። ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው ብሎ ሲጠይቅሽ ለኔ የጻፍሽልኝን መልስ ስጪው፤ «አላውቅም» በይው። ይህ መልስ ያስፈራዋል፣ ያስፈራው። ስጋቱን ደግሞ አትናቂበት። ሰው ሁሉ ስደት ስደት በሚልበት ዘመን እጮኛው የባዕድ አገር ፊደል ስትጽፍ ያየ ወንድ ሌላ ምን ይታሰበው? ነገር ግን ስጋቱን ሰምቶ ማስረዳት አንድ ነገር ነው፣ ስጋቱን ፈርቶ ደብተር መደበቅ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ደብተር ከደበቅሽ ነገ ስልክ ትደብቂያለሽ። ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ «እኔ ወይ ደብተሩ» ካለሽ ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ የዚያ ደብዳቤ መልስ ስለ ጃፓንኛ አይሆንም።

እዚያ ሳይደርስ ግን አንድ ነገር ሞክሪ። የሚነዳት ሚኒባስ ቶዮታ ከሆነች ስሟ ከየት እንደመጣ ጠይቂው። የኩባንያው መሥራቾች የቤተሰብ ስም ቶዮዳ ነው፤ በካንጂ ሲጻፍ ለም የሩዝ እርሻ ማለት ይሆናል። ሆንዳም እንደዚሁ በቤተሰብ ስሙ ውስጥ ያቺ «ታ» አለችበት፣ «ዳ» ሆና ትነበባለች። በአቧራው የመኪና መስታወት ላይ በጣትሽ አራት ማዕዘን ሣዪና መስቀል አድርጊበት። ደብረ ታቦር ሲመላለስ በስሟ ውስጥ የፎገራን ማሳ የመሰለ ነገር ይዞ እንደሚሄድ ያውቅልሽ። ከዚያ ወዲያ ደብተሩ የአንቺ ብቻ ሚስጥር አይሆንም።

እናትሽ የጠየቁሽ ጥያቄ ግን የዋዛ አይደለም። ምን ያበላል? ላታልልሽ አልፈልግም፤ ዛሬ ወረታ ላይ ጃፓንኛ ስላወቅሽ ብቻ ደመወዝ የሚቆርጥልሽ መሥሪያ ቤት አላውቅም። የጃፓኑ ጃይካ በ2008 ዓ.ም. ፎገራ ላይ ያለውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል የሚያግዝ ፕሮጀክት ጀምሯል፤ ባለሙያዎቹ የሚመጡት ለዚህ ነው። ግን እነሱም ሥራቸውን የሚሠሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በአስተርጓሚ ነው። መሄዱን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቋንቋው ይጠየቃል። ጃፓን በ2011 ዓ.ም. የጀመረችው የሙያ ሠራተኞች ቪዛ ግብርናንም ያካትታል፤ የቋንቋና የሙያ ፈተና አለው። የጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የሚወጣውም በኤምባሲው በኩል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ «ብር አምጪና ጃፓን ላስገባሽ» የሚል ደላላ ቢገጥምሽ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትሰጪ አዲስ አበባ ያለውን የጃፓን ኤምባሲ ጠይቂ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የጃፓንን ነገር ማወቅ ከመሄድ ጋር የተጣበቀው አሁን በኛ ጊዜ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ተመለሱና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉ። ሁለቱም ጃፓንን ያዩት ወደ አገራቸው ምን እንደሚያመጡ እያሰቡ ነው። አበበ ቢቂላን ደግሞ ጃፓን ሲነሳ የማያነሳው ስለሌለ ለቶኪዮው ድል ያህል አንስቼው አለፍኩ።

ለእናትሽ ግን እነዚህን አታንሺባቸው። ጅግናን አንሺባቸው። ጅግና የእናትሽ ወረዳ፣ የደራ ቀበሌ ነው። ሩዝ በዚያ አካባቢ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ሲገባ በመጀመሪያ ከያዙት የገበሬ ማኅበራት አንዱ እሱ ነበር። ዛሬ ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዘር ስሙ ከዚያው ቀበሌ ነው። ያን ጊዜም «ይሄ ምን ያበላል?» ያለ ሰው አይጠፋም፤ ያን ዘር ውኃ የተኛበት መሬት ላይ ይዘው የሞከሩት ሰዎች መልሱ በእጃቸው አልነበረም። እናትሽ ዛሬ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ይጋግሩት የለ? ጃፓንኛሽ እንደ ሩዙ ይሆንልሻል አልልሽም። «ምን ያበላል» ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ መልስ ስለጠፋ ብቻ ግን አትጣይው።

እንዲህ እናድርግ። ዛሬ ማታ ደብተሩን ከበርሜሉ ጀርባ አውጪ፣ ዱቄቱን አራግፊ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፊና «ታ»ንና «ኮሜ»ን አምስት አምስት ጊዜ ጻፊ። ነገ ሚዛኑ ጋ በጃፓንኛ ቁጠሪ። የሚቀጥለውን አንድ ወር ካንጂ ከሃያ አይለፍ፤ ያውም በወሩ!

እነዚያ ሰዎች ተመልሰው የመጡ እንደሆነ የምትያት አንዲት ዓረፍተ ነገር ልስጥሽ። «ኮኖ ኮሜ ዋ ፎገራ ኖ ኮሜ ዴስ።» «ኮኖ» ይህ ነው፤ «ፎገራ ኖ» የፎገራ፣ «ዴስ» ነው። ይህ ሩዝ የፎገራ ሩዝ ነው ማለትሽ ነው። ከጆንያው እፍኝ ዘግነሽ፣ አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ቀድመሽ በያት። ምን ብላ እንደመለሰችልሽ ጻፊልን።